ሺዙካ፦ የጃፓንኛው የጸጥታ ቃል

ሺዙካ ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚያገኛቸው ቅጽሎች አንዱ ነው። መማሪያ መጻሕፍት «ጸጥ ያለ» ብለው ይፈቱትና ያልፋሉ። ፍቺው ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል። ድምፅ የሌለበት ክፍል ሺዙካ ነው። ማዕበል የሌለው ባሕርም፣ ረጋ ያለ እርምጃም፣ ጭምት ሰውም ሺዙካ ይባላሉ። በአማርኛ ስለ ጃፓንኛ ቃላት የሚነበብ ነገር ጥቂት ስለሆነ ዋና ዋናውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓንኛ ሁለት ዓይነት ቅጽሎች አሉት። ሺዙካ ከስም በፊት «ና» ከሚያስከትሉት ወገን ነው። «ሺዙካ ና ሄያ» ጸጥ ያለ ክፍል ማለት ነው። «ሺዙካ ኒ» ሲባል ደግሞ ድርጊትን ይገልጻል፤ በሩን በቀስታ ዝጋ ለማለት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ወደ ስምነት ሲለወጥ ሺዙኬሳ ይሆናል። ከአውሎ ነፋስ በፊት የሚሰፍነውን ጸጥታ ጃፓኖች «አራሺ ኖ ማኤ ኖ ሺዙኬሳ» ይሉታል። ሁሉ ነገር ሰላም መስሎ መጥፎ ነገር ሲሸት የሚነገር አባባል ነው።

አስተማሪ ክፍል ገብታ «ሺዙካ ኒ!» ካለች ተማሪዎቹን ጸጥ በሉ ማለቷ ነው። ለማያውቁት ሰው «ሺዙካ ኒ ሺቴ ኩዳሳይ» ይባላል። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ ያም ሆኖ ወቀሳ መሆኑ አይቀርም። ለዚህ ነው በአፓርታማ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ለሕንጻው አስተዳዳሪ መንገር የሚመርጠው። አስተዳዳሪው የማንንም ስም ሳይጠራ ማስታወቂያ ይለጥፋል።

ተቃራኒው አንድ አይደለም፤ ቃሉን በደንብ የሚያስረዳውም ይህ ይመስለኛል። ኒጊያካ ሞቅ ደመቅ ያለ ቦታ ነው፤ ገበያ፣ በዓል፣ ልጆች የሞሉበት ቤት። ይህ ምስጋና ነው። ኡሩሳይ ደግሞ የሚረብሽ ጫጫታ ነው፤ ሰውን ዝም ለማሰኘትም እንደ ስድብ ይወረወራል። ሺዙካ የሁለቱም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ከኡሩሳይ ጋር ሲነጻጸር ውዳሴ ይሆናል፤ ከኒጊያካ አንጻር ሲቀመጥ ግን መቀዝቀዝንም ሊያሳይ ይችላል። ወጣቶቹ ወደ ከተማ የሄዱበት የገጠር መንደር ሺዙካ ነው። ነዋሪው ስሜቱን ሊገልጽ ሲፈልግ ግን ሳቢሺ ይላል፤ ጭር ያለ፣ የሚያስከፋ ማለት ነው።

ዝም ማለት ሌላ ግስ አለው፤ ዳማሩ ይባላል። ዳማሩ አፍን መዝጋት ብቻ ነው፤ ኩርፊያም ሊሆን ይችላል። ሺዙካ የሆነ ሰው ግን ያወራል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይጣደፍም፣ የሰው ንግግር አያቋርጥም። «ሺዙካ ና ኢካሪ» የሚባል ቁጣም አለ። ውስጥ ውስጡን የሚነድ፣ ላዩ ግን የረጋ ቁጣ ነው። ለማይረብሽ ልጅ ደግሞ ኦቶናሺ የሚባለው ቃል ይመረጣል፤ ሥሩ «ኦቶና» ማለትም አዋቂ ነው። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው ተቀመጠ እንደማለት።

ቃሉ የሚጻፍበት ካንጂ (ከቻይና የመጣ የጽሕፈት ምልክት) ሁለት ክፍል አለው። ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ጠብና ፉክክር ማለት ነው። ከዚህ በመነሣት «ጠብ የበረደበት ሁኔታ» የሚል ማብራሪያ በብዛት ይነገራል። ደስ ይላል፤ ግን የግራው ክፍል በዋናነት «ሴይ» የሚለውን የቻይና ንባብ ለማመልከት የገባ መሆኑን መርሳት አይገባም። ጃፓንኛው ቃል ራሱ ከካንጂው ይቀድማል። በድሮው አጻጻፍ «ሺዱካ» ነበር። መስጠም ማለት የሆነው «ሺዱሙ» የሥጋ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ከላይ ያለው ወርዶ ሲያርፍ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ካ» በሌሎች ጥንታዊ ቅጽሎችም ላይ ይገኛል፤ ሃሩካ ሩቅ ነው፣ ኖዶካ ለስለስ ያለ፣ ዩታካ የተትረፈረፈ።

ይኸው ካንጂ በሕክምናና በሳይንስ ቃላት ውስጥም ይሠራል። ደም ቅዳ «የሚንቀሳቀስ ሥር» ሲባል ደም መልስ «ጸጥ ያለ ሥር» ይባላል፤ አይመታምና። ሹራብ ስናወልቅ የሚነዝረን ኤሌክትሪክ ጸጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ሐኪም ለበሽተኛ የሚያዘው የአልጋ ዕረፍት አንሴይ፣ ነገር ሲከር የማይደናገጥ ሰው ሬይሴይ ይባላል። ሺዙሜሩ የሚለው ግስ ደግሞ ቁጣን፣ ሕመምን፣ ዓመፅንም ማብረድ ነው። እኛም ጸጥታ አስከባሪ ስንል ድምፅ የሚቀንስ ሰው ማለታችን አይደለም።

በድሮ ግጥም ውስጥ

በ905 ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በተሰበሰበው የግጥም መድበል ውስጥ ኪ ኖ ቶሞኖሪ የጻፈው አንድ ግጥም አለ። የጸደይ ብርሃን እንዲህ በለሰለሰበት ቀን የቼሪ አበቦች ልባቸው አልረጋ ብሎ ለምን ይረግፋሉ ይላል። ለተረጋጋ ልብ የተጠቀመበት ቃል «ሺዙጎኮሮ» ነው። ግጥሙ ከመቶ ባለቅኔዎች አንድ አንድ ተመርጦ በተዘጋጀው ስብስብ 33ኛው ነው። በአዲስ ዓመት ሰሞን በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ሳቢያ ዛሬም ብዙ ጃፓናዊ በቃሉ ይወጣዋል። ሺህ ዓመት ያለፈው ግጥም በልጆች አፍ ላይ መኖሩ ለዚህ ቋንቋ ትልቅ ክብር ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሺዙካ ጎዜን የምትባል ዕውቅ ዳንሰኛ ነበረች። የጦር መሪው ሚናሞቶ ኖ ዮሺትሱኔ ወዳጅ ነበረች። ዮሺትሱኔ ከወንድሙ ከዮሪቶሞ ተጣልቶ ሲሸሽ እሷ ተያዘች። በ1186 በካማኩራው ፅሩጋኦካ ሃቺማን መቅደስ ዮሪቶሞ ፊት እንድትጨፍር ታዘዘች። በጠላቱ ፊት ቆማ የዘፈነችው ስለ ተሰደደው ወዳጇ ነበር። ዮሪቶሞ ተቆጣ፤ ሚስቱ ማሳኮ አበረደችው። በዘፈኑ ውስጥ የሚደጋገመው «ሺዙ» የድሮ ጨርቅ ዓይነት ነው፤ በዚያውም የራሷን ስም ይጠራል። ሕይወቷ የት እንዳለፈ አከራካሪ ነው። መቃብሯ እኛ ዘንድ ነው የሚሉ ቦታዎች በርካታ ናቸው። ካማኩራ በየሚያዝያው በዓሏ ላይ የሺዙካን ጭፈራ ታሳያለች።

ያማዴራ እና የሴሚ ክርክር

የቃሉን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ረጅም ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ያማዴራ ነው። በሰሜን ጃፓን፣ በያማጋታ ግዛት ይገኛል። ትክክለኛ ስሙ ሪሻኩጂ ሲሆን ያማዴራ ማለት የተራራ ገዳም ነው። በትውፊት በ860 ኤኒን በተባለው መነኩሴ ተመሠረተ ይባላል። ላይኛው አዳራሽ ለመድረስ ከ1,000 በላይ ደረጃዎች መውጣት ያስፈልጋል። ግራ ቀኙ ጥድና ዐለት ነው።

የሀይኩ (የጃፓን አጭር ግጥም) ባለቅኔው ማትሱኦ ባሾ እዚህ የደረሰው ጁላይ 13 ቀን 1689 ነው። ቦታው ጸጥ እንዳለ ሰምቶ ከመንገዱ ወጥቶ ነው የመጣው። እዚያ የጻፈው ሦስት ስንኝ በግርድፉ ይህን ይላል፦ እንዴት ያለ ጸጥታ! የሴሚ ድምፅ ዐለቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሴሚ በሞቃቱ ወራት ዛፍ ላይ ተለጥፎ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ክንፋም ነፍሳት ነው። ብዙ ሆነው ሲጮሁ ጆሮ ይበጣሉ። ባሾ ግን ያንን ጩኸት እየሰማ ሺዙካ አለ። ለእኔ የቃሉ እምብርት እዚህ ነው። ሺዙካ የድምፅ አለመኖር ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር ባለበት ረግቶ ድምፁም ከቦታው ጋር አንድ ሲሆን ነው።

ባሾ እዚህ ስንኝ ላይ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። አብሮት ይጓዝ የነበረው ሶራ የመዘገበው የመጀመሪያ ቅጂ «የተራራ ገዳም» ብሎ ይጀምርና የሴሚው ድምፅ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል ይላል። ቀጥሎ የመጣው ቅጂ መክፈቻው «ሳቢሺሳ» ነው፤ ብቸኝነት፣ ጭርታ። የመጨረሻው ነው «ሺዙካሳ» የሆነው። የጻፈበት ካንጂም የተለመደው አይደለም። ፋታና ዕረፍትን የሚያሳየውን መረጠ። ከመጣበቅ ወደ መስረግ፣ ከብቸኝነት ወደ ጸጥታ መሄዱ የባለቅኔውን ጆሮ ያሳያል።

ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ሴሚው የትኛው ዓይነት ነበር? የያማጋታ ተወላጁ ባለቅኔ ሳይቶ ሞኪቺ በ1926 አቡራዜሚ ነው ብሎ ጻፈ። አቡራዜሚ ትልቅ ነው፤ ድምፁ ዘይት ሲንቻቻ ይመስላል። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ኮሚያ ቶዮታካ አልተቀበለውም። እሱ ኒኒዜሚ አለ፤ አነስ ያለ፣ ድምፁ ቀጭንና የማይቆራረጥ። ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ ጎርናናው ድምፅ ከሺዙካ ጋርም ከመስረግ ጋርም አይሄድም። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን አቡራዜሚ ገና ከመሬት አልወጣም። ሞኪቺ በነገሩ ቀልዶ አላለፈም። በዚያው የዓመቱ ወቅት ከያማዴራ ሴሚዎች አስለቅሞ አስመረመረ። አብዛኞቹ ኒኒዜሚ ሆነው ተገኙ፤ ጥቂት አቡራዜሚም ነበሩበት። በ1932 መሳሳቱን አመነ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ ማለት ይቻላል። አንድ ቅጽል ከየትኛው ነፍሳት ጋር እንደሚስማማ ለዓመታት መከራከር ለቋንቋ ያላቸውን ፍቅር ያሳያል። የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ1996 ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመረጣቸው 100 የአገሪቱ ድምፆች አንዱም የያማዴራ ሴሚዎች ድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲህ

በ1869 ሱንፑ የምትባለው ከተማ ሺዙኦካ ተባለች። ስሙ የተወሰደው ከከተማው ተራራ ከሺዙሃታ ነው። የተራራው ካንጂ ግን «ዝቅ ያለ» የሚል ትርጉም ስላለው «ሺዙ» የሚለው ድምፅ ቀርቶለት በጸጥታ ካንጂ ተጻፈ።

ሺዙካ የሰው ስምም ነው። በብዛት የሴት ነው፤ በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ በሴቶች የነጠላ ፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት ትርኢት) ወርቅ ያገኘችው አራካዋ ሺዙካ ትጠቀሳለች። ፖለቲከኛው ካሜይ ሺዙካ ግን ወንድ ነው፤ ካንጂውም ከእሷ ጋር አንድ ነው።

የዛሬው ጃፓን ሁሌም ጸጥ ያለ ነው ማለት ስህተት ነው። በምርጫ ሰሞን መኪኖች የዕጩውን ስም በድምፅ ማጉያ እየጠሩ ይዞራሉ። የፓቺንኮ ቁማር ቤት በር ሲከፈት ጫጫታው መንገድ ያናጋል። ባቡር ውስጥ ግን ስልክ ማውራት ነውር ነው። ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1988 ኦቶሂሜ የሚባል መሣሪያ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት አወጣ። ሥራው የውኃ ድምፅ ማሰማት ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን ድምፅ ለመሸፈን ደጋግመው ውኃ ይለቁ ስለነበር ያንን ለማስቀረት የተሠራ ነው።

በኮሮና ጊዜም ቃሉ አደባባይ ወጣ። በኖቬምበር 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ሱጋ ሕዝቡ ሲገባበዝ «ሺዙካ ና ማስክ ካይሾኩ» እንዲያደርግ ጠየቁ፤ በማስክ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መመገብ ማለት ነው። ቀጥሎ በ2021 የተስፋፋው «ሞኩሾኩ» ጠንከር ይል ነበር። «ሞኩ» የዳማሩ ካንጂ ነው፤ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መብላት። የትምህርት ቤት ልጆች ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው በዝምታ ምሳ በሉ። በ2022 መጨረሻ ላይ ነው መንግሥት ተገቢው ጥንቃቄ ከተደረገ በምሳ ሰዓት ማውራት ይቻላል ያለው።