ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፦ ስለ ትልልቅ የማሽን ሶኬቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት ወይም እንጨት ቤት ብትገቡ ማሽኑ ከየአገሩ የመጣ ነው። አንዱ ከቻይና፣ ሌላው ከጣሊያን፣ አንዳንዱ ደግሞ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው። ፕለጉ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አልገጥም ሲል ብዙ ሰው ወዲያው ይቆርጠዋል። ከመቁረጥ በፊት ግን ፕለጉ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

«ቀለሙ ለማማር ነው።»
ቀለሙ ቮልቴጁን ነው የሚያሳየው። ክብ የሆኑት ትልልቅ ሶኬቶች አይኢሲ 60309 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ይሠራሉ። ቢጫ ከ100 እስከ 130 ቮልት፣ ሰማያዊ ከ200 እስከ 250፣ ቀይ ከ380 እስከ 480 ነው። የእኛ ሲንግል ፌዝ (በአንድ የኃይል ሽቦ የሚመጣው) 220፣ ስሪ ፌዙ (በሦስት የኃይል ሽቦ የሚመጣው) 380 ስለሆነ የሚያስፈልጉን ሰማያዊና ቀይ ናቸው። ቢጫው በብዛት ያለው እንግሊዝ ነው፤ እዚያ በግንባታ ቦታ መሣሪያዎች ለሠራተኛው ደህንነት ሲባል በ110 ቮልት ይሠራሉ። ያንን ድሪል ፕለጉን ቀይሮ 220 ላይ የሰካ ሰው ያቃጥለዋል።

«ቀይ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው።»
አይደለም። የሚሸከሙት የኤሌክትሪክ መጠን ይለያያል፤ 16፣ 32፣ 63 እና 125 አምፒር አለ። ባለ 4 እግሩ ሦስት ፌዝና ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ) ሲሆን፣ ባለ 5ቱ ኑትራል (የመመለሻ ሽቦ) ይጨምራል። ወፈር ያለው እግር ኧርዙ ነው። ቦታው እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጥር ይነበባል፤ በ380ው ቀይ ሶኬት ላይ 6 ቁጥር ጋ፣ ማለትም ታች ነው። የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ፕለግም ቀይ ነው፤ ኧርዙ ግን 3 ቁጥር ጋ ስለሆነ አይገባም። እንዳይገባ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። እባካችሁ በሞረድ አትሞርዱት።

«አረንጓዴ ሽቦ ኧርዝ ነው።»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ሰው ይገድላል። አሜሪካ ሙሉ አረንጓዴ ሽቦ በእርግጥም ኧርዝ ነው። በቻይና አሠራር ግን ሦስቱ ፌዞች ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው። ኧርዙ አረንጓዴና ቢጫ መስመር አብሮ ያለበት ሽቦ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የማሽኑን አካል ፌዝ ላይ ያስረዋል። ማሽኑ ላይነሳ ይችላል፤ የነካው ሰው ግን 220 ቮልት ይቀበላል። ስለዚህ ቀለም ብቻ አይታመን። ከመብራት በተነጠለ ማሽን ላይ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የማሽኑ ብረት ላይ አድርጉ፣ በሌላው ጫፍ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ንኩ። ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ኧርዙ ነው።

«የአሜሪካ ማሽን ፕለጉን መቀየር ይበቃዋል።»
የእነሱ ትልልቅ ፕለጎች ብዙዎቹ ተሰክተው በመጠምዘዝ የሚቆለፉ ናቸው። ያን መቀየር ቀላል ነው። ችግሩ አሜሪካ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር)፣ እኛ 50 መሆናችን ነው። እዚያ በደቂቃ 1800 አካባቢ የሚዞር ዲናሞ (የማሽኑ ሞተር) እዚህ 1500 አካባቢ ይሆናል። ቮልቴጁም ካልተመጣጠነ ይግላል። መጀመሪያ ዲናሞው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፦ ቮልት፣ ኸርዝ፣ ፌዝ።

«ክዳን ስላለው ዝናብ አይነካውም።»
ሶኬቱ ላይ የሚጻፈው አይፒ የሚባለው ቁጥር አቧራና ውኃ ምን ያህል እንደሚከላከል ያሳያል። አይፒ 44 የተጻፈበት ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚችለው። ለጎንደር ክረምት ደጅ የሚቆም ከሆነ አይፒ 67 ይሻላል። እሱም ቢሆን ቀለበቱ እስከ መጨረሻ ካልተጠመዘዘ ውኃ ያስገባል።

«ዲናሞው ወደ ኋላ ከዞረ ፕለጉ ተበላሽቷል።»
ምንም አልተበላሸም። ብሬከሩን አጥፍታችሁ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ብቻ አቀያይሩ፤ ኧርዙን አትንኩ።