«መጥተህ ውሰድ»

የጥንቱ ግሪክ «ሞሎን ላቤ» ይለዋል። «ሞሎን» መጥተህ፣ «ላቤ» ውሰድ። እንግሊዝኛው ሲተረጉመው ሁለት ትእዛዝ ያደርገዋል፤ ና፣ ውሰድ። አማርኛችን ግን ልክ እንደ ግሪኩ ነው፤ ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ። መምጣቱ ቅድመ ሁኔታው ነው። መጀመሪያ እኔ ጋ ድረስ፤ ከዚያ ከቻልክ ትወስዳለህ። የአባባሉ ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ወንድ ከሆንክ ና!» ከሚለው ፉከራችንም ይለያል። ስድብ የለበትም፣ ጩኸትም የለበትም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ጠረክሲስ ግሪክን ሊይዝ ዘመተ። ብዙ ሊቃውንት የመጽሐፈ አስቴሩ ንጉሥ እሱ ነው ይላሉ። ወደ 7,000 የሚሆኑ ግሪኮች ቴርሞፒሌ ላይ ጠበቁት። ቦታው ያኔ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ባሕር ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ስሙንም ያገኘው እዚያ ከሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው። ጠረክሲስ «መሣሪያህን አስረክብ» ብሎ የግሪኳ ከተማ የስፓርታ ንጉሥ ለነበረው ለሊዮኒዳስ ጻፈ። መልሱ ሁለት ቃል ሆነ።

ይህን የነገረን ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው፤ ከጦርነቱ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ። ለዘመኑ የቀረበው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ቃሉን አያነሳም። ስለዚህ ሊዮኒዳስ በእርግጥ ብሎታል ብሎ መማል ይከብዳል። ውጊያው ግን እውነት ነው።

ግሪኮቹ መተላለፊያውን ሁለት ቀን ያዙት። ከዚያ ኤፊያልቴስ የሚባል የአካባቢው ሰው በግሪኮቹ ጀርባ የሚያስወጣውን የተራራ መንገድ ለፋርሶች አሳየ። ሊዮኒዳስ አብዛኛውን ጦር አሰናብቶ ከ300 ስፓርታውያን ጋር ቀረ። ሁሌም የሚወራው ስለነሱ ነው። 700 የቴስፒያ ሰዎችም አንሄድም ብለው እዚያው ወደቁ፤ ከተማቸውንም ፋርሶች አቃጠሉት። የነሱ መረሳት እኔን ያንገበግበኛል። የቀሩት ሁሉ የእጃቸው ጦር ሲሰበር በሰይፍ፣ ሰይፉ ሲያልቅ በእጅና በጥርስ ተዋጉ ይላል ሄሮዶቱስ።

ቃሉ በ2013 እ.ኤ.አ. እስከፈረሰ ድረስ የግሪክ አንደኛ የጦር ኮር መፈክር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መሣሪያ መያዝ መብታችን ነው የሚሉ ሰዎች መኪናቸው ላይ ይለጥፉታል።

እኔ ግን ቃሉ በቦታው የዋለው ቆጵሮስ ላይ ነው ባይ ነኝ። በ1957 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ወታደሮች ቅኝ አገዛዛቸውን ይዋጋ የነበረውን ግሪጎሪስ አፍክሴንቲውን ማኬራስ ገዳም አጠገብ ከበው እጅህን ስጥ አሉት። «ሞሎን ላቤ» አላቸው። ለሰዓታት ተዋጋ። በመጨረሻ መደበቂያው ላይ ቤንዚን አፍስሰው ለኮሱት።