«ማሽን ከሰጠናቸው ራሳቸውን ይችላሉ»፦ በጣና ዳር ስለ ሴቶች ማኅበራት የሚባለውና እውነታው

በግጭት ኑሯቸው የተናጋባቸውን ሴቶች ለመደገፍ የሚነሳ ሰው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ይሁን የባሕር ዳር ነጋዴ፣ ብዙውን ጊዜ ቅን ልብና አንድ ሁለት የተሳሳተ ግምት ይዞ ይመጣል። ቅን ልቡ እንዳለ ይቆይ። ግምቶቹን ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ማየት ይሻላል።

«የስፌት ማሽን ከተገዛላቸው ሥራ ጀመሩ ማለት ነው»

ማሽኑ አንዴ ይገዛል። ጨርቅ፣ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ግን በየወሩ ይገዛሉ፤ ማኅበራት የሚንኮታኮቱትም እዚህ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምን እንውሰድ። አንዱ ልብስ በአማካይ 2.5 ሜትር ጨርቅ ቢወስድ፣ ለ100 ተማሪ 250 ሜትር ያስፈልጋል። ጨርቁ ሐምሌ ላይ ይገዛል፣ ወላጅ የሚከፍለው ጳጉሜንና መስከረም ላይ ነው። ያንን ሁለት ወር የምታሻግር ገንዘብ ከሌለ የተገዛው ማሽን ሁሉ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ አሥር ማሽን የሚገዛ ገንዘብ ካለ አምስት ይገዛና የቀረው ለጥሬ ዕቃ ማዞሪያ ይቀመጥ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ በእግር የሚረገጠው ማሽን ይመረጣል፤ አሮጌ ይመስላል እንጂ መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም።

«ሐይቁ ደጃቸው ነው፤ ዓሣ አድርቀው ይሽጡ»

ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሒሳቡን አልሠራም። 15 ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሲገፈፍ የሚወጣው ሥጋ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ከትኩስ ሥጋ አምስት እጅ አራቱ ውሃ ስለሆነ፣ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ እስኪወርድ ሲደርቅ የሚቀረው 1.25 ኪሎ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ለአንድ ኪሎ ቋንጣ 12 ኪሎ ዓሣ ይገባል። ሴቶቹ ትኩሱን ዓሣ የገዙበትን ዋጋ በ12 አባዝተው፣ የጨውና የጉልበት ጨምረው፣ «ይህን የሚከፍል ደንበኛ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከሌለ ትኩሱን በበረዶ መሸጥ ይበልጣል፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይታሰባል።

ታዲያ ማድረቅ ለምን ይጠቅማል? ለመድን። የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ መንገድ በድንገት ሲዘጋ ትኩስ ዓሣ በሰዓታት ይበላሻል፤ ቋንጣ ግን መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ቆጡ ተሠርቶ ጨው ተዘጋጅቶ ከቆየ፣ ያ ቀን ሲመጣ የማኅበሩ ካፒታል አብሮ አይሸትም።

አሠራሩ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሌም ተመሳሳይ ነው። ሥጋው ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይዘጋል፣ ውስጡ ረጥቦ ይቀራል፤ ከሳምንት በኋላ ሲታጠፍ ይሸታል። 10 ሊትር ውሃ ላይ 1.5 ኪሎ ጨው አሟምቶ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ባለ፣ ከላይም ከታችም በመረብ በተሸፈነ ቆጥ ላይ ማስጣት ነው። ዝንብ እንቁላል የሚጥለው በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ መረቡ ከሁሉ በፊት ይምጣ። ማታ ማታ የሐይቁ ጤዛ ስላለ ወደ ቤት ይገባል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ ሁለት ቀን ተከታትሎ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ደርቋል። ፀሐይ ላይ የዋለውን ሳይቀዘቅዝ ፌስታል ውስጥ ማሰር ላብ ይፈጥራል፣ ሻጋታ ይከተላል። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ስብ ስለሚበዛበት በዚህ መንገድ አይቆይም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በፀሐይ ማድረቅን ማሰብም ድካም ነው። ደግሞም ክረምቱና መስከረም «ነጭ ዓሣ» የሚባለው የጣና ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ጉማራና መሰል ወንዞች የሚወጣበት ወቅት ስለሆነ፣ በወንዝ አፍ የተጠመደ ዓሣ ለመግዛት መቸኮል የነገውን ገበያ መብላት ነው።

«ገንዘቡን በሣጥን ማኖር ያሰርቃል፤ ባንክ ብቻ ነው»

ባንክ ጥሩ ነው፣ ቅርንጫፉ ክፍት ሆኖ መንገዱም ሰላም ሲሆን። ከ15 እስከ 25 አባላት ያሉት የቁጠባ ቡድን በሣጥን ሲሠራ ግን ጥበቡ ሣጥኑን ባዶ ማድረግ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ከአንድ እስከ አምስት ድርሻ ትከፍላለች፣ የተሰበሰበው እዚያው ስብሰባ ላይ ለአባላት በብድር ይወጣል። የብድር ጣሪያው ብዙ ጊዜ ካጠራቀመችው ሦስት እጥፍ ነው። ሣጥኑ ሦስት ጓጉንቸር ይኖረዋል፤ ቁልፎቹን ሰብሳቢዋም፣ ገንዘብ ያዧም፣ ሣጥኑ ቤቷ የሚያድረው አባልም ሳይሆኑ ሌሎች አባላት ይያዙ። ሌባ ቢመጣ ሣጥንና ትንሽ ሳንቲም ያገኛል።

በሰላሙ ጊዜ ዙሩ፣ ማለትም ገንዘቡ ተጠራቅሞ ለአባላት እስኪከፋፈል ያለው ጊዜ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ይሄዳል። አካባቢው ሲናጋ ግን ወደ 6 ወር ማሳጠር ይሻላል፤ ሰው ከተበተነ በኋላ ሒሳብ መሥራት ከባድ ነውና። ድርሻው የሚመዘገብበት ደብተር በእያንዳንዷ እጅ ይሁን እንጂ በአንድ መዝገብ ብቻ አይሁን፤ የተፈናቀለች አባል ደብተሯን ይዛ ብትመለስ ድርሻዋን ትጠይቃለች። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር እንደሚሟሽሽ ሁሉም አይቶታል፤ ይህም ገንዘቡ እንዲዞር ሌላ ምክንያት ነው።

«እቁብ እያለ ማኅበር ለምን?»

እቁብ ዕጣው እስኪደርስ ማስጠበቁ ነው ችግሩ፤ ለታመመ ልጅ የዛሬ ብር አይሰጥም። ቢሆንም እቁብ የለመዱ ሴቶች ለቁጠባ ቡድን ግማሽ መንገድ ተጉዘዋል። ወደ ሕጋዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመሸጋገር መጣደፍ አያስፈልግም፤ አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚጠይቀው መተዳደሪያ ደንብና የሒሳብ ሥርዓት በደብተር ከተለመደ በኋላ ይቀላል። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርሕ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ፣ ዕቃውን ያመጣው ደጋፊ ቢያኮርፍም።

«መሶብና ሰፌድ ለቱሪስት ይሸጣሉ»

ለዘጌና ለገዳማቱ የሚመጣው እንግዳ ከተመናመነ ቆይቷል። የሚያዋጣው ደንበኛ የጥር ሙሽራ ናት። ስንደዶና አክርማው ቀደም ብሎ ተሰብስቦ፣ አለላው ተነክሮ፣ ሥራው ኅዳር ላይ ካልተጀመረ የጥር ሠርግ ያመልጣል፤ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም።

«ዳታ ሲጠፋ ክፍያም ይቆማል»

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ብዙዎች ሽያጭ አቁመው ነበር። ስልኩ መደወል ከቻለ ግን ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ አገልግሎት ደግሞ በ*889# ያለ ዳታ ይሠራሉ። እያንዳንዷ አባል ራሷ መክፈቻውን ታውቅ፤ ልጇ ወይም ባሏ ብቻ የሚያውቀው የሚስጥር ቁጥር የእሷ ገንዘብ አይደለም።

«ድጋፉን ፎቶ አንስተን ካልለጠፍን ማን ያምነናል?»

እገታና ዘረፋ በሚፈራበት አካባቢ የሴቶቹን ፊት፣ የሰፈሩን ስምና አዲሱን ማሽን በአንድ ፎቶ ማውጣት ለሚሻ ሁሉ አድራሻ መስጠት ነው። ለጋሽ ማስረጃ ከፈለገ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ፣ የማሽኑ መለያ ቁጥርና ስም የተሸፈነበት የደብተር ገጽ ይበቃዋል።