በክብ ላይ አንጻራዊ ፍጥነት ማለት ምንድን ነው?

የ10,000 ሜትር ሩጫ መሃል ላይ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ይሄ ከፊት ያለው ማነው?» ከፊት ያለው እኮ የመጨረሻው ነው። ሊደረብ ትንሽ ቀርቶታል።

መደረብ በአንድ ሙሉ ዙር መበለጥ ነው። መቼ እንደሚደረብ በወረቀት ማስላት ይቻላል። መሪው አንዱን ዙር በ64 ሰከንድ ይጨርስ እንበል፤ ኋለኛው በ68። ቁጥሩ የተጋነነ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 26:17.53 ሲገባ አንዱ ዙር በአማካይ 63.1 ሰከንድ ነበር የፈጀበት።

ብዙ ተማሪ ሁለቱን ሯጮች ዙር በዙር መከተል ይጀምራል። አንደኛው ዙር ላይ የት ናቸው? ሁለተኛው ላይስ? አምስተኛው ላይ ይሰለቸዋል። ይልቅ ኋለኛውን በሐሳባችሁ አቁሙት። እሱ ቆሟል፤ መሪው ደግሞ የሚሮጠው በልዩነታቸው ልክ ብቻ ነው። አንጻራዊ ፍጥነት የምንለው ይህንኑ ነው፦ አንዱን እንደ ቆመ ቆጥረን የሌላውን ፍጥነት ማየት።

መሪው በሰከንድ 6.25 ሜትር ይሮጣል፣ ኋለኛው 5.88 ገደማ። ልዩነቱ 0.37 ሜትር አካባቢ ነው። የሚሸፈነውስ ርቀት? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አብረው ስለተነሱ በመካከላቸው ዜሮ ሜትር ያለ ይመስላል። መሪው ግን ኋለኛውን ከጀርባው ለማግኘት ሙሉውን 400 ሜትር መብለጥ አለበት። 400ን ለልዩነቱ (ቁጥሩን ሳንቆርጥ) ስናካፍል 1,088 ሰከንድ ይመጣል፤ 18 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። ማመሳከር ቀላል ነው፦ መሪው 17 ዙር፣ ኋለኛው 16 ዙር ጨርሰዋል። መሙ ሞላላ እንጂ ክብ አይደለም የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ዞሮ እስከገጠመ ድረስ ለዚህ ስሌት ለውጥ የለውም።

በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሮጡስ? ያኔ ፍጥነቶቹ ይደመራሉ። በየ33 ሰከንዱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ወደ ሰዓት ስንመጣ ሜትር አያዋጣም። ረጅሙ ቆጣሪና አጭሩ ቆጣሪ የሚዞሩበት ክብ ስፋቱ ይለያያል። ስለዚህ በዲግሪ እንቁጠር። የደቂቃ ቆጣሪው በደቂቃ 6 ዲግሪ ይዞራል፤ የሰዓት ቆጣሪው ግማሽ ዲግሪ። ልዩነቱ 5.5 ነው። 360ን ለ5.5 ብናካፍል 65 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገደማ። ቀን 6 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ ሰዓት 12 ቁጥር ላይ) የተደራረቡት ቆጣሪዎች እንደገና የሚገጥሙት 7 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ሲሆን ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ብቻ ይገጥማሉ፤ 12 አይደለም። የማያምን የግድግዳ ሰዓቱን አውርዶ በእጁ አዙሮ ይቁጠር። በሐበሻም ቆጠርነው በፈረንጅ፣ መልሱ ያው ነው። ልዩነት ቆጠራው ከየት እንደተጀመረ አይጠይቅም።

አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ሯጮች እኩል በሰከንድ 6.25 ሜትር እየሮጡ በመካከላቸው 200 ሜትር አለ እንበል። አይቀራረቡም፣ አይራራቁም። «አንጻራዊ ፍጥነታቸው ዜሮ ነው» ማለት ያምራል። ግን አንዱ በአንደኛው ቀጥታ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲሮጥ ሌላው ማዶ ባለው ቀጥታ ወደ ምዕራብ እየሮጠ ነው። በዚያች ቅጽበት አንዱ ሌላውን ቢያየው በሰከንድ 12.5 ሜትር ሲያልፍ ነው የሚታየው። ፍጥነት አቅጣጫም አለዋ! ፈተናው «መቼ ይገናኛሉ?» ካለ ዙሩን ወይም ዲግሪውን ቀንሱ። «በዚህ ቅጽበት አንጻራዊ ፍጥነታቸው ስንት ነው?» ካለ ግን ቀስት ሥላችሁ በቬክተር፣ ማለትም መጠኑንም አቅጣጫውንም ይዛችሁ፣ ሥሩ።

ፕላኔቶችም ይደራረባሉ። ምድር ፀሐይን በ365 ቀን ገደማ ትዞራለች፤ ማርስ በ687። በዚያው ዘዴ ስናሰላ ምድር ማርስን የምትደርበው በየ780 ቀኑ ገደማ፣ ማለትም በየ26 ወሩ ነው። ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልኩ አገሮች ቀጠሯቸውን የሚይዙት በዚህ ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የኤምሬትስ፣ የቻይናና የአሜሪካ መንኮራኩሮች ተከታትለው የተነሱት ተነጋግረው ሳይሆን ምድር ማርስን ልትደርብ ስለተቃረበች ነበር። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሌላ 26 ወር ይጠብቃል።