ዘር ለከርሞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎጃም ጓሮዎች ውስጥ ዘር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በአያያዝ ሳይሆን በአመራረጥ ነው። ጥሩ ጥሩው ተበልቶ የተረፈው ለዘር ይቀመጣል። ደጋግመው የሚሰሙትን እንያቸው።

«ቀድሞ ያበበው ጎመን ለዘር ይተው»

ይህ ዘሩን በየዓመቱ ያበላሻል። የሐበሻ ጎመን ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል። ቀድሞ ያበበውን የሚተው ሰው ሳያውቀው ቶሎ የሚያብብ ጎመን እየመረጠ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎመኑ ሳይቀነጠስ አበባ ይሆንበታል። የቸኮሉትን ነቅሎ ለከብት መስጠት፣ ቅጠላቸው ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ከዘገዩት ደግሞ 10 እግር ያህል ቀይ ክር አስሮ መተው ይሻላል። ዘሩን የያዘው ቆባ ቢጫ ሲሆን ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ይታጨዳል። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከነኩት ቆባው ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል።

«የሚፋጅ ዘር አጠገቡ ከተተከለ፣ ለስላሳው በርበሬ ዘንድሮ ይፋጃል»

ዘንድሮ አይፋጅም። ንብ የአንዱን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ስትወስድ የሚለወጠው በዛላው ውስጥ ያለው ዘር ነው፤ ዛላው ራሱ የእናቱን ባሕርይ እንደያዘ ይቀራል። መዘዙ የሚታየው ከርሞ ዘሩ ሲበቅል ነው። ዘንድሮ ለብቻው ቆሞ የፋጀ በርበሬ ምናልባት ውሃ ጠምቶት ይሆናል።

በቡሬና በጃቢ ጠህናን በርበሬ ቀላል ሀብት አይደለም፤ ስለዚህ ትንሽ ልፋት ይገባዋል። ከጤነኛ 3 ወይም 4 እግር ላይ አበባቸው ገና ያልፈነዳ ቅርንጫፎች ይመረጡ። በስስ ሻሽ ሸፍኖ ግርጌውን በክር ማሰር፣ ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ነው፤ በርበሬ በራሱ ዱቄት ያፈራል። ፍሬው ሲይዝ ሻሹ ይወልቃል፤ ዛላዎቹ ግን እንዳይምታቱ አንገታቸው ላይ ክር ይታሰር። ሙሉ በሙሉ ቀልተው እዚያው እግሩ ላይ መጨማደድ እስኪጀምሩ አይለቀሙም፤ አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ዛላ ዘሩ አይጠናም።

«ትልልቁን ነጭ ሽንኩርት ለወጥ፣ ትንንሹን ለዘር»

ተቃራኒው ነው። ከትልቅ ራስ የተፈለቀቀ ትልቅ ፍሬ ትልቅ ራስ ይሰጣል። ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው።

«የዘር ድንች በጨለማ ይቀመጥ፤ አረንጓዴ ከሆነ ተበላሽቷል»

አረንጓዴው ድንች ለመብል አደገኛ ነው፤ ለዘር ግን መልካም ነው። በጨለማ የሚወጣው ጉንቁል ረጅምና ነጭ ስለሆነ በእጅ ሲነካ ይሰበራል። ብርሃን በሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማያርፍበት መደርደሪያ ላይ ሳይነባበር ዘርግቶ ማስቀመጥ አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያስገኛል። በጮቄ ሥር ላሉ ደገኞች ሌላም ማሳሰቢያ አለ፦ ትንሽ ድንች ለዘር አይከፋም፤ ነገር ግን ትንሽ የሆነው እናቱ ታማ ከሆነ በሽታውን ይዞ ይተከላል። ቅጠሉ የተጠቀለለውን ወይም የጠወለገውን እግር ቅጠሉ ሳይደርቅ ለይቶ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከተቆፈረ በኋላ በዓይን አይለይም።

«ዘር ምድጃ ላይ ከተሰቀለ አይነቅዝም»

ጢስ ነቀዝን ያርቃል፤ ሙቀት ግን ዘሩን ይገድላል። የተሰቀለበት ቦታ እጅን የሚያሞቅ ከሆነ ከፍ ይደረግ። በደንብ ያልደረቀ ዘር ፌስታል ውስጥ ከታሰረም ያልበውና ይሻግታል።

«ውሃ ውስጥ የሰጠመ ዘር ይበቅላል»

የሞተም ዘር ይሰጥማል። እርግጡ የሚታወቀው 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ጨርቁ አይድረቅ። ጎመን በሳምንት ውስጥ ይታያል፣ በርበሬ እስከ 2 ሳምንት ይጠይቃል። ከ14 በላይ ከበቀለ እንደ ወትሮው ይዘራል። ከ10 በታች ከሆነ የችግኝ መደቡ ሳይዘጋጅ ከጎረቤት ዘር መለመን ይሻላል።