የሸክላ ማጫወቻን ከንዝረት መነጠል

የሸክላ ማጫወቻ ከመሠረቱ ንዝረት ለቃሚ መሣሪያ ነው። በሸክላው ገጽ ላይ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ የምትከተለው የአልማዝ መርፌ በቦዩ ግድግዳ ወጣ ገባነት ትርገበገባለች፤ መርፌዋን የያዘው ካርትሪጅ የሚባለው ክፍል እርግብግቢቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ያጎላዋል። ቦዩ ከሰው ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ሲሆን፣ እጅግ ለስላሳ የሆኑት የሙዚቃ ክፍሎች መርፌዋን የሚያነቃንቋት ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ባነሰ ርቀት ነው። በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና፣ በኃይል የተዘጋ በር ወይም በሳሎኑ የሚሮጥ ሕፃን የሚፈጥረው ንዝረት እሷ ዘንድ ከደረሰ ከሙዚቃው ለይታ የምትተወው አይደለም። ያገኘችውን ሁሉ ወደ ድምፅ ትለውጣለች።

ነገሩን የሚያከብደው ሸክላ የሚቀረጽበት ዘዴ ነው። ወፍራም ድምፆች ቦዩን ከልክ በላይ እንዳያሰፉት በቀረጻ ጊዜ ይቀነሱና በማጫወቻ ጊዜ ተመልሰው ይጎላሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሸክላ አምራቾች ማኅበር በተስማማበት መለኪያ መሠረት፣ የ20 ሄርዝ (በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ ከ1000 ሄርዝ ድምፅ ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ይጎላል። የቤት ወለልና የጠረጴዛ ንዝረት በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ የታችኛው አካባቢ በመሆኑ፣ ለሙዚቃው ታስቦ የተደረገው ማጎልበት ለንዝረቱም ይደርሰዋል።

ይሁን እንጂ ንዝረት ሁሉ አይጎዳም። ካርትሪጁ የሚለካው መርፌዋ ከራሱ ከካርትሪጁ አካል አንጻር የምታደርገውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሸክላው፣ የሚሽከረከረው ሳህንና ካርትሪጁን የተሸከመው ክንድ እንደ አንድ አካል አብረው ቢወዛወዙ፣ በመካከላቸው ልዩነት ስለማይፈጠር የሚሰማ ነገር አይኖርም። ጉዳት የሚመጣው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ሲቀር ነው። የማጫወቻ ንድፍ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ሐሳብ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ሐሳቡን ለብዙኃን በሚደርስ ዕቃ ላይ በግልጽ ያዋለው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ነው። ቪልቸር የመሠረተው አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ በ1961 ለገበያ ባቀረበው ማጫወቻ ላይ፣ የሳህኑ ኩሽኔታና ክንዱ በአንድ ጠንካራ የብረት አካል ላይ ተገጥመው፣ አካሉ በሦስት ሞላዎች ከውጫዊው ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ። ሞተሩ ግን ከተንጠለጠለው አካል ተነጥሎ ከላይኛው ሽፋን ጋር ታሰረና ሳህኑን በላስቲክ ቺንጋ ያዞር ጀመር። በዚህ መንገድ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ቺንጋው፣ ከውጭ የሚመጣውን ደግሞ ሞላው ያስቀሩታል። ከዚያ በፊት ገበያውን የያዙት ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ሳህኑን የሚያዞሩት ከሞተሩ ጋር በሚነካካ የጎማ መንኮራኩር ስለነበር የሞተሩ ጉርምርምታ እስከ መርፌዋ ይዘልቅ ነበር። የስዊሱ ቶረንስ በ1965 ባወጣው ቲዲ 150፣ የግላስጎው ሊን ደግሞ በ1972 ባወጣውና እስካሁን በሚመረተው ኤልፒ12 ይህንኑ ንድፍ ተከትለዋል።

ሞላ ንዝረትን የመነጠል አቅሙ በራሱ የተፈጥሮ ፍጥነት ይወሰናል። ክብደት የተሸከመ ሞላ ተነክቶ ሲለቀቅ በሴኮንድ የተወሰነ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ከዚህ ፍጥነት 1.4 እጥፍ ገደማ በላይ የሆነን ንዝረት እየቀነሰ ያሳልፋል፤ ከዚያ በታች ያለውን አይቀንስም፤ ከራሱ ፍጥነት ጋር የገጠመውን ግን ጭራሽ ያባብሰዋል። ፍጥነቱን ለማወቅ የላቀ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሞላው ከጭነቱ በታች ምን ያህል እንደ ረገበ መለካት ይበቃል። 1 ሴንቲሜትር የረገበ ሞላ በ5 ሄርዝ ገደማ፣ 2.8 ሴንቲሜትር የረገበ ደግሞ በ3 ሄርዝ ይወዛወዛል። ከዚህ የምንረዳው ማጫወቻ ሥር ሲቀመጥ ሚሊሜትር እንኳ የማይረግብ ደረቅ ላስቲክ ለወለል ንዝረት ምንም ያህል እንደማይረዳ ነው።

የማጫወቻ ሞላ ከ3 እስከ 5 ሄርዝ እንዲወዛወዝ ለምን ይመረጣል? ክንዱና ካርትሪጁ ራሳቸው ሌላ ሞላ ስለሆኑ ነው። መርፌዋን የያዘችው ቀጭን ዘንግ በላስቲክ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ከክንዱ ክብደት ጋር ሆና ከ8 እስከ 12 ሄርዝ እንድትወዛወዝ ይፈለጋል፤ ከዚህ ከፍ ቢል ወደ ሙዚቃው ይጠጋል፣ ዝቅ ቢል ደግሞ የተጣመመ ሸክላ ሲዞር ያናውጠዋል። የማጫወቻው ሞላ ከዚህ በበቂ ርቀት ዝቅ ካላለ ሁለቱ እየተነካኩ ይረባበሻሉ።

የሞላ ማስተካከል ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማጫወቻው ከሥር እጅ በሚያስገባ ማቆሚያ ላይ ይቀመጥና ሳህኑ፣ ምንጣፉና አንድ ሸክላ በቦታቸው ይደረጋሉ። ከዚያም ከሥር ያሉት ሦስት ብሎኖች አንድ በአንድ ሩብ ዙር ያህል እየጠበቁና እየላሉ የተንጠለጠለው አካል ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ከፍታ እንዲይዝ ይደረጋል። ከመሐል ወደ ታች ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት መውረድ አለበት። ወደ ጎን ከተወላገደ ወይም ቶሎ ከቆመ አንዱ ሞላ ተጣሟል፣ አለበለዚያ ከክንዱ የሚወጣው ገመድ ወጥሮ ይዞታል። በ10 ሴኮንድ 30 ጊዜ ከወጣና ከወረደ 3 ሄርዝ ላይ ነው።

ሞላ ያለው ማጫወቻ ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ እሱም የሰው እርምጃ ነው። ሰው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይረግጣል፤ የጣውላ ወለልም በእያንዳንዱ እርምጃ ይረግባል። ይህ እንቅስቃሴ ከሞላው ፍጥነት ጋር ስለሚቀራረብ ሞላው ይጨፍርና መርፌዋ ከቦዩ ትዘላለች። በአዲስ አበባ የድሮ ቤቶች ጣውላ ወለል ላይ ሸክላ ሲዘፍን እንግዳ ሁሉ በጣቱ የሚራመድበት ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሌላ ሞላ መጨመር ሳይሆን ማጫወቻውን ከወለሉ አውጥቶ በጠንካራ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ ነው። የኮንክሪት ወለል ባለው ኮንዶሚኒየም ችግሩ በአብዛኛው አይከሰትም።

ሞላን ያልመረጡም አሉ። የጃፓኑ ቴክኒክስ በ1972 ያወጣው ኤስኤል-1200 ሳህኑ በቀጥታ በሞተሩ ላይ የሚዞር ስለሆነ ሞተሩን ነጥሎ ማንጠልጠል አይቻልም። በ1979 በተሻሻለው ሞዴል ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ደርሶ፣ ንዝረትን የሚውጥ ወፍራም የጎማ መሠረት ተደርጎለታል፤ የዲጄ እጅ ዘወትር የሚያርፍበት ዕቃ መጨፈር አይችልምና። የእንግሊዙ ሬጋ በበኩሉ ክብደት ንዝረትን አከማችቶ ዘግይቶ ይለቃል ብሎ ስለሚያምን ቀላልና ግትር ማጫወቻ በጎማ እግር ላይ ያቆማል። ይህ ንድፍ ጥሩ ይሠራል፣ ነገር ግን የመነጠሉን ሥራ ለጠረጴዛው ይተውለታል።

በገበያ ከሚሸጡ ተጨማሪ ዕቃዎች መካከል ሹል የብረት እግሮች በብዛት በስሕተት ይገዛሉ፤ እነሱ ማጫወቻውን ከመደርደሪያው ጋር አጥብቀው ያገናኙታል እንጂ አይነጥሉትም። ወፍራም የእምነ በረድ ንጣፍም ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ የሚለጠጥ ነገር ይፈልጋል። በግማሽ የተነፋ የብስክሌት ካላማዳሪ ላይ የተቀመጠ ንጣፍ ርካሽ ቢሆንም ሕጉን በትክክል የተከተለ መፍትሔ ነው። ለማይክሮስኮፕ የተሠሩና እስከ 0.5 ሄርዝ የሚወርዱ መድረኮችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከማጫወቻው ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው የንዝረት ምንጭ ራሱ ስፒከሩ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በአየርና በወለል ዞሮ ወደ መርፌዋ ሲመለስ እንደገና ይጎላል፤ ዙሩ ከበረታ ክፍሉን የሚያናጋ ጉርምርምታ ይሆናል። ስለዚህ ማጫወቻና ስፒከር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ ማጫወቻውም ቤዝ ከሚከማችበት የክፍል ጥግ ቢርቅ ይመረጣል።

ችግሩ መኖሩን ለማወቅ ሳህኑ ሳይዞር መርፌዋን በማያሳሳ ሸክላ ላይ ማሳረፍ፣ ድምፁን በዝግታ እስከ ተለመደው ከፍታ ማድረስና መደርደሪያውን በጣት አጥንት ቀስ አድርጎ ማንኳኳት ነው። በስፒከሩ ጥልቅ ዱም የሚል ድምፅ ከተሰማ ንዝረቱ መንገድ አግኝቷል፤ ከተሰማውም በኋላ እያስተጋባ ከቆየ ወይም እየጨመረ ከሄደ ድምፁን ወዲያው መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን የመሰሉ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎች ላላቸው ሰዎች አስፈላጊ ነው፤ ዘልላ የወደቀች መርፌ የምትተወው ጭረት አይጠፋምና።