ሂማላያ፦ ትኩሱ ድንጋይ ከላይ የወጣበት ተራራ

የኤቨረስት ጫፍ የባሕር ወለል ነበር። በ8,848 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ግራጫ የኖራ ድንጋይ ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ስስ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥንታዊ የባሕር እንስሳት ስብርባሪ ይገኝበታል። ስለ ሂማላያ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከዚያ ንብርብር በታች ያለው ነው።

የሂማላያ ሰንሰለት በምዕራብ ካለው የናንጋ ፓርባት ተራራ እስከ ምሥራቁ የናምቻ ባርዋ ተራራ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሕንድን የተሸከመው ፕሌት፣ ማለትም የምድር ጠንካራ ውጫዊ ክፍል ግዙፍ ቁራጭ፣ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በመካከል የነበረው የቴቲስ ባሕር እየጠበበ ሄደ። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሕንድና እስያ ተላተሙ። ሁለቱ የተገጠሙበትን መስመር ባለሙያዎች ስፌት ይሉታል። የኢንደስና የጻንግፖ ወንዞች ረጅም መንገድ የሚፈሱት ይህንኑ ስፌት ተከትለው ነው። ሕንድ ዛሬም በዓመት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ትገፋለች። ከዚህ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህሉን የሚችለው ሂማላያ ራሱ ነው።

ግፊቱ የሕንድን የላይኛ ቅርፊት እየሰነጠቀ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ ጫነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ትረስት ይባላል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲኬድ መጀመሪያ የፊት ትረስት፣ ቀጥሎ የድንበር ትረስት፣ ከዚያም ማዕከላዊ ትረስት ይገኛሉ። ሦስቱም ወደ ጥልቀት ሲወርዱ አንድ ለጥ ያለ ስንጥቅ ላይ ይገናኛሉ፤ እሱም ዋናው የሂማላያ ትረስት ነው። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ኔፓልን የመታውና ወደ 9,000 የሚጠጋ ሕዝብ የፈጀው ርዕደ መሬት የተነሳው እዚያ ነው። የካትማንዱ አካባቢ በደቂቃ ውስጥ 1 ሜትር ያህል ከፍ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሜታሞርፊክ አለት ማለት ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ ነው። ምን ያህል እንደበሰለ የሚናገሩት በውስጡ ያደጉት ማዕድናት ናቸው። ይህን የማንበቢያ ዘዴ ያስተዋወቀው የጂኦሎጂ ባለሙያው ጆርጅ ባሮው ነው፤ በ1893 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ተራሮች ላይ። ጭቃ የነበረ ድንጋይ ሲሞቅ መጀመሪያ ክሎራይት ያወጣል። ከዚያ ባዮታይት፣ ጋርኔት፣ ስቶሮላይት፣ ካያናይት እያለ ይቀጥላል። ሲሊማናይት ከታየ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ600 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው።

መሬት ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይሞቃል። ስለዚህ በጣም የበሰለው ድንጋይ ከታች መገኘት ነበረበት። በማዕከላዊው ትረስት ዙሪያ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሸለቆው ግርጌ ላይ ክሎራይት ያለበት ድንጋይ ይገኛል። ሽቅብ ሲወጣ ጋርኔት ይመጣል፣ ከዚያ ካያናይት፣ ከላይ ደግሞ ሲሊማናይት።

ሺስት ከተባለው ቅጠል ቅጠል ከሚል ሜታሞርፊክ አለት አንድ ቁራጭ እጅ ላይ ይዘን እንየው። ሚካ በሚባለው ማዕድን ስስ ቅጠሎች ያብለጨልጫል፤ በመካከላቸው አተር የሚያካክሉ ቀይ ጋርኔቶች ጉብ ጉብ ብለዋል። ጋርኔቱ ተቆርጦ ሲታይ በውስጡ የተቀበሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች አንዳንዴ የተጠማዘዘ መስመር ሠርተው ይገኛሉ። ይህ የሚሆነው ጋርኔቱ እያደገ ሳለ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ሲንሸራተት እሱን እያሽከረከረው ስለነበር ነው። የመጠማዘዙ አቅጣጫ የላይኛው ክፍል ወዴት እንደሄደ ይጠቁማል። እዚህ ሂማላያ ላይ መልሱ ወደ ደቡብ ነው።

የተገለበጠውን የማዕድናት ቅደም ተከተል ለማስረዳት ብዙ ተብሏል። ትኩስ ክፍል በቀዝቃዛው ላይ ሲጫን የታችኛውን አበስሎታል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ትክክል ነበር፣ መንሸራተቱ ነው ያዛባው ይላሉ። ለእኔ የሚታየኝ ሁለቱም እጃቸው እንዳለበት ነው። የበሰለው ክፍል ከፊሉ ቀልጦም ነበር፤ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ። ከኤቨረስት ብዙም የማይርቀው የማካሉ ተራራ ነጣ ያለ ግራናይት የዚያ ቅልጥ ድንጋይ ቅሪት ነው።

ይህ ትኩስ ክፍል ከላይም ክዳን አለው። የደቡብ ቲቤት ስንጥቅ ይባላል። አቅጣጫው ግን ከትረስቶቹ የተለየ ነው፤ በእሱ ላይ ያለው ድንጋይ ወደ ሰሜን ቁልቁል ተንሸራቷል። ከታች ማዕከላዊው ትረስት፣ ከላይ ይህ ስንጥቅ በተቀራራቢ ዘመን ሲሠሩ፣ መካከል ያለው የበሰለ ድንጋይ ወደ ደቡብ እየተገፋ ወጣ።

ኤቨረስት ላይ ይህ ክዳን በዓይን ይታያል። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ተራራውን እንደ መቀነት የከበበ ቢጫ ንብርብር አለ። እሱም የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ዛሬ ግን ሙቀት እብነ በረድ አድርጎታል። ከበላዩ ያለው የጫፉ ድንጋይ ያን ያህል ሳይበስል ቀርቷል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው የዚያው የደቡብ ቲቤት ስንጥቅ ቅርንጫፍ ነው። ወደ ጫፍ የሚያዘግም ተራራ ወጪ ቢጫውን ጨርሶ ግራጫውን ሲረግጥ ስንጥቁን ተሻግሯል።